ካነን ኢቨንት፦ የሰው ሕይወት ላይ ቀኖና የሚያወጣው ማነው?

ከ2023 አጋማሽ ጀምሮ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው) «ካነን ኢቨንት» የምትለዋ አባባል ያልገባችበት ወሬ የለም ማለት ይቻላል። አንዱ ፀጉሬን ራሴ ልቁረጥ ብሎ ያበላሻል፣ ሌላዋ ጓደኞቿ ሁሉ «ይቅርብሽ» ያሏትን ልጅ ትይዛለች፣ አንዱ ደሞ የመጀመሪያ ደሞዙን በሦስት ቀን ጨርሶ ቁጭ ይላል፣ የሚሰጠው መልስ ግን ለሁሉም አንድ ነው፦ ካነን ኢቨንት ነው፣ ጣልቃ መግባት አልችልም።

ቃሉ እንዲህ ከመለመዱ የተነሳ ሰዎች ሲከራከሩበት ራሱ ስለ አንድ ነገር እያወሩ አይደለም። ለአንዱ ዕጣ ፈንታ ማለት ነው፣ የአርባ ቀን ዕድል የምንለው አይነት። ለሌላው ሕይወቱ ከዚህ በፊትና ከዚህ በኋላ ተብሎ የተከፈለበት ቀን ነው። ለሌላው ደሞ በዛ ዕድሜ ሁሉም ሰው የሚያልፍበት የሚያሳፍር ነገር ነው፣ በቃ። እነዚህ ነገሮች ይቀራረባሉ ግን አንድ አይደሉም፣ እንደውም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይጋጫሉ፣ ምክንያቱም ዕጣ ፈንታ ከፊት ቆሞ የሚጠብቅ ነገር ሲሆን ሕይወቴን የቀየረው ቀን የሚባለው ግን ዞር ብለው ሲያዩት ብቻ የሚታይ ነገር ነው። ከፊትና ከኋላ ማለት ትንሽ ልዩነት ይመስላል፣ ግን አንድ ሰው ወደ ገደል ሲሄድ እያዩ ዝም ማለት ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ያለው እዚሁ ልዩነት ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ቃሉን ከስሩ ማየት ይሻላል።

## ቀኖና እና ካነን

ካነን አዲስ የእንግሊዝኛ ቃል ይመስላል እንጂ አማርኛ አንባቢ ከድሮም የሚያውቀው ነው፣ ቀኖና የምንለው ራሱ ነው። ሁለቱም የመጡት ከግሪኩ «ካኖን» ነው፣ ግሪኩ ደሞ ሸምበቆ ከሚል የሴም ቋንቋ ቃል የወሰደው ነው (ዕብራይስጡ «ቃኔ» ይለዋል)። ሸምበቆ ቀጥ ያለ ስለሆነ መለኪያ ዘንግ ይደረግ ነበር፣ ከዛ ቃሉ ከዘንግ ወደ መመዘኛ፣ ከመመዘኛ ወደ ደንብ እያለ ሄደ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊ ቀራፂ ፖሊክሌይቶስ የሰው አካል ምጣኔ እንዴት መሆን እንዳለበት የጻፈውን መጽሐፍ «ካኖን» ነበር ያለው።

የመጻሕፍት ዝርዝር ማለት የሆነው በቤተክርስቲያን በኩል ነው። የእስክንድርያው አትናቴዎስ በ367 በላከው የፋሲካ መልእክት ዛሬ የምናውቃቸውን 27 የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ዘርዝሮ እነዚህ ናቸው አለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ መጻሕፍቱ ተጽፈው ከ200 ዓመት በላይ ሲነበቡ ከቆዩ በኋላ ነው ይሄ ዝርዝር የወጣው። ማለትም ቀኖና መጽሐፉን አይጽፈውም፣ ተጽፎ ተነቦ ሰው ኖሮበት ያለፈውን ነው የሚቀበለው ወይ የሚተወው። ደሞ ተቀባዩ ሲለያይ ዝርዝሩም ይለያያል፣ ፕሮቴስታንቶች 66 ሲቆጥሩ ካቶሊኮች 73፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ደሞ 81 ትቆጥራለች። ስለዚህ ቀኖና ከጥንትም ከኋላ የሚመጣ ውሳኔ ነው፣ ወሳኝ አካልም አለው። ይሄን ይዘን እንቀጥል፣ ምክንያቱም ቃሉ ወደ ሚም (ሰው ኢንተርኔት ላይ እየተቀባበለ ወደሚያሰራጨው ቀልድ) ሲቀየር የሚጠፋው በትክክል ይሄ ነው።

## ልብወለድ ውስጥ እንዴት ገባ

በ1911 ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ (በኋላ የካቶሊክ ቄስ ሆኗል) የመጽሐፍ ቅዱስ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበትን ጥብቅ ዘዴ ወስዶ በሼርሎክ ሆልምስ ታሪኮች ላይ የሞከረበት ጽሑፍ አቀረበ። ለጨዋታ ነበር፣ ግን ካነን የሚለው ቃል ለልብወለድ መዋሉ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዚህ ጽሑፍ ጋር ተያይዞ ነው። የሆልምስ ወዳጆች ካነን የሚሉት አርተር ኮናን ዶይል ራሱ የጻፋቸውን 4 ረጃጅምና 56 አጫጭር ታሪኮች ነው፣ ሌላ ሰው የጻፈው ምንም ያህል ቢያምር አይገባም።

ግን ደራሲውም ቢሆን ብቻውን ወሳኝ አይደለም። ዶይል በ1893 ሆልምስን ከጠላቱ ጋር ፏፏቴ ውስጥ እንዲወድቅ አድርጎ ገደለው፣ አንባቢው ግን በጣም ተቆጣ፣ ግፊቱም ለዓመታት አልበረደም፣ በመጨረሻ በ1903 ዶይል «ለካ አልሞተም ነበር» ብሎ መለሰው። ያለቀ ታሪክ ላይ ተመልሶ እንዲህ ያለ ለውጥ ማድረግን ዛሬ ሬትኮን ይሉታል፣ ያለፈውን ከዛሬ ተነስቶ እንደገና መጻፍ ማለት ነው። ቃሉን ያዙት፣ ስለ ሰው ትዝታ ስናወራ ይመለሳል።

በአሁኑ ጊዜ ወሳኙ ብዙውን ጊዜ ደራሲም አንባቢም ሳይሆን ባለመብቱ ድርጅት ነው። ዲዝኒ በ2012 የስታር ዋርስ ፊልሞችን የሚሠራውን ሉካስፊልምን በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ፣ በ2014 ኤፕሪል ላይ ደሞ ለብዙ ዓመታት ሲወጡ የነበሩት የስታር ዋርስ ልብወለዶችና ኮሚኮች ከዚህ በኋላ «ሌጀንድስ» እንደሚባሉና ካነን እንዳልሆኑ ተነገረ። ሰው በልጅነቱ ያነበበው፣ አብሮት ያደገው ገጸ ባህሪ በአንድ መግለጫ ብቻ «አልተፈጠረም» ተባለ ማለት ነው። ብዙ አድናቂ የተጎዳው ለዚህ ነው፣ እኔ ደሞ ጉዳቱን እንደ ልጅነት አላየውም፣ ሰው ጊዜውንና ስሜቱን የሰጠው ነገር ላይ ሌላ አካል መጥቶ ሲወስን የሚሰማው ነገር እውነተኛ ነው። «ሄድካነን» የሚባለው ቃል ትርጉሙ የሚገባንም እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ ባለመብቱ ምንም ይበል ምን እኔ በጭንቅላቴ እውነት ብዬ የያዝኩት ማለት ነው።

## ፊልሙ ምን ነበር ያለው

«ካነን ኢቨንት» በዛሬው ትርጉሙ የተስፋፋው በ2023 ጁን ላይ ከወጣው «ስፓይደር ማን፦ አክሮስ ዘ ስፓይደር ቨርስ» ከሚባለው አኒሜሽን ፊልም ነው። ፊልሙ የሚነሳው ብዙ ዓለማት ጎን ለጎን አሉ ከሚል ሐሳብ ነው (መልቲቨርስ የሚባለው ይሄ ነው)፣ ዓለማቱ ይመሳሰላሉ ግን በሆነ ነገር ይለያያሉ፣ ብዙዎቹም የየራሳቸው ስፓይደር ማን አላቸው። የነዚህን ሁሉ ስብስብ የሚመራው ሚጌል ኦሃራ ለወጣቱ ማይልስ ሞራሌስ የሚያስረዳው እንዲህ ብሎ ነው፦ ስፓይደር ማን የሆነ ሁሉ የሚያልፍባቸው ክስተቶች አሉ፣ የሚወደው ሰው ይሞትበታል፣ የሚቀርበው የፖሊስ ካፒቴን ይሞትበታል፣ እነዚህ ክስተቶች ናቸው ዓለማቱን አያይዘው የያዙት፣ አንዱን ካስቀረህ የዛ ሰው ዓለም ይፈርሳል። የማይልስ አባት ደሞ ፖሊስ ነው፣ ካፒቴን ሊሆን የቀረው ቀናት ብቻ ነው።

ሚጌል ይሄን ዝም ብሎ አላመጣውም። ስፓይደር ማን ኮሚክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1962 ነው፣ እዛው የመጀመሪያ ታሪኩ ላይ አጎቱ ቤን ይገደላል። በ1970 ካፒቴን ስቴሲ ሞተ፣ በ1973 ልጁ ግዌን ስቴሲ ሞተች። ከዛ በኋላ ታሪኩ በፊልም በካርቱን እንደገና በተነገረ ቁጥር ከነዚህ ሞቶች አንዱ ወይ ሌላው እየተመለሰ ይመጣል፣ ምክንያቱም ይሸጣል፣ ያስለቅሳል፣ አንባቢውም ይጠብቀዋል። ማለትም ሚጌል እንደ ተፈጥሮ ሕግ የሚያነበው ነገር ደራሲዎችና አሳታሚዎች ለ60 ዓመት የደጋገሙትን ልማድ ነው። ይሄ ለእኔ የፊልሙ ትልቁ ሐሳብ ነው፣ ልማድ ሲደጋገም ሕግ መስሎ ይታያል።

አሁን ሚሙ ላይ የጠፋው ነገር ጋር መጣን። ሰው «ጣልቃ መግባት አይቻልም» የሚለውን እንደ ፊልሙ መልእክት ነው የሚጠቅሰው፣ ፊልሙ ግን የሚቆመው ከማይልስ ጋር ነው። ሚጌል ክፉ ሰው አይደለም፣ የተጎዳ ሰው ነው፣ ሌላ ዓለም ላይ የሞተውን የራሱን መሰል ተክቶ ከቤተሰብ ጋር መኖር ጀመረ፣ ያ ዓለም ፈረሰበት፣ ልጄ ያላትን ልጅ አብሮ አጣ፣ ከዛ ያየውን አንድ ነገር ሕግ አደረገው። ሕጉ ልክ መሆኑን ግን ፊልሙ አያረጋግጥም። ማይልስ አንድ ካፒቴን አድኖ መሬቱ ሲከፈት ሚጌል ጥፋቱን ያላከከው በሱ ላይ ነው፣ ግን እዛው ቦታ ላይ ስፖት የሚባለው ጠላት አደገኛ ማሽን አስነስቶ ነበር፣ ስለዚህ ምክንያቱ የቱ እንደሆነ ክፍት ነው። በኋላ ደሞ የግዌን አባት (ፊልሙ ላይ ግዌን በሌላ ዓለም ያለች፣ ራሷ የሸረሪት ጀግና የሆነች ልጅ ናት፣ አባቷም የፖሊስ ካፒቴን ነው) በፈቃዱ ከፖሊስ ሥራው ይለቃል፣ ካፒቴን ካልሆነ የካፒቴን ሞት አይኖርም፣ ዓለሟ ግን ሲፈርስ አናይም። አንድ ሰው ሥራ ስለለቀቀ ብቻ አይቀሬ የተባለው ነገር የቀረ ይመስላል።

ሌላም አለ። ሚጌል ማይልስን ራሱን እንደ ስህተት ነው የሚያየው፣ ምክንያቱም የነከሰችው ሸረሪት (ስፓይደር ማን ኃይሉን የሚያገኘው ከሸረሪት ንክሻ ነው) ከሌላ ዓለም የመጣች ናት፣ አንተ መሆን ያልነበረብህ ነህ ማለቱ ነው። ማይልስ በኮሚክ የተፈጠረው በ2011 ሲሆን ያኔም «ይሄ እውነተኛው ስፓይደር ማን አይደለም» ያሉ ብዙ ነበሩ። ካነን የሚለው ቃል ማን ይገባዋል ማን አይገባውም ለማለት እንዴት እንደሚያገለግል እዚህ ላይ በደንብ ይታያል።

## የአንዱ ካነን ኢቨንት የሌላው ሞት ነው

ሚሙን የሚጠቀም ሰው ሁሉ ራሱን ዋና ገጸ ባህሪ አድርጎ ነው የሚያስበው። ግን እስቲ ከግዌን ስቴሲ በኩል እንየው፣ በ1973ቱ ታሪክ እሷ የሞተችው ፒተር ፓርከር (የመጀመሪያው ስፓይደር ማን) እንዲያድግ ነው፣ የሷ ሕይወት የሱ ምዕራፍ ሆነ። ጌል ሲሞን የምትባል ደራሲ በ1999 ኮሚክ ውስጥ የወንዱ ጀግና ታሪክ እንዲሄድ ብለው የተገደሉ፣ የተጎዱ፣ ኃይላቸውን ያጡ ሴት ገጸ ባህሪያትን ዝርዝር አውጥታ ነበር፣ ዝርዝሩ ረጅም ነው። ነገሩ ልብወለድ ላይ ብቻ አይቆምም፣ በእውነተኛ ሕይወትም «እሷን መበደሌ ብዙ አስተማረኝ» የሚል ሰው ስለራሱ ትምህርት እያወራ የተበዳይዋን ነገር ምዕራፍ አድርጎ ያልፈዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው ለዚህ ነው፣ አንድ ክስተት ሁለት ሰው ውስጥ ሁለት የተለያየ ቦታ ይይዛል።

## ሰው ራሱን እንደ ታሪክ ነው የሚይዘው

ሚሙ ይሄን ያህል የተያዘበት ምክንያት አለው፣ እውነት የሆነ ነገር ነክቷል። ዳን ማክአዳምስ የሚባለው አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሚለው ነገር ሰው ከጉርምስናው መጨረሻ አካባቢ አንስቶ ሕይወቱን ወደ ታሪክ መቀየር ይጀምራል ነው፣ ምዕራፍ ያለው፣ መታጠፊያ ያለው፣ እኔ እንዲህ የሆንኩት በዚህ ምክንያት ነው የሚልበት ታሪክ። ይሄን ናራቲቭ አይደንቲቲ ይሉታል፣ በትረካ የተሠራ ማንነት እንደማለት ነው። ጀፈርሰን ሲንገር ደሞ «ራስን የሚገልጹ ትዝታዎች» የሚላቸውን ነገሮች አጥንቷል፣ ቁልጭ ብለው የሚታዩ፣ ሲታወሱ ስሜት የሚያስነሱ፣ ደጋግመው የሚመጡ፣ ከሌሎች መሰል ትዝታዎች ጋር የተያያዙ እና ሰውየው ገና ያልፈታውን ወይም ዘላቂ የሆነውን ጉዳዩን የሚነኩ ናቸው። ካነን ኢቨንት ሲባል ሰው ሊል የፈለገው ብዙ ጊዜ ይሄንን ነው።

ዕድሜውም በአጋጣሚ አይደለም። ትልልቅ ሰዎች ሕይወታቸውን እንዲያስታውሱ ሲጠየቁ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ጊዜ የሆነው ነገር ከሌላው ዕድሜ ይልቅ በዝቶ ይመጣል፣ ተመራማሪዎች በግራፍ ሲያወጡት ጉብታ ስለሚሠራ የትዝታ ጉብታ ብለውታል። የመጀመሪያ ፍቅር፣ የመጀመሪያ ክህደት፣ የመጀመሪያ ሥራ፣ ብዙው «የመጀመሪያ» ያለው እዛ ነው። በተጨማሪ ዶርቴ ቤርንትሰን እና ዴቪድ ሩቢን በ2004 እንዳሳዩት ሰው በባህሉ ውስጥ የትኛው ነገር በየትኛው ዕድሜ መሆን እንዳለበት የተዘጋጀ ስክሪፕት በጭንቅላቱ ይዞ ነው የሚኖረው። ሦስተኛው ትርጉም፣ ሁሉም የሚያልፍበት የሚለው፣ የሚመጣው ከዚህ ነው። ክስተቱ ስለማይቀር ሳይሆን ሁላችንም ስለምንጠብቀው የጋራ ይመስለናል።

ትዝታ ግን ቪዲዮ አይደለም። ቻሌንጀር የተባለችው መንኩራኩር በ1986 ስትፈነዳ ኡልሪክ ናይሰርና ኒኮል ሃርሽ በማግስቱ ተማሪዎችን ዜናውን የት ሆናችሁ እንዴት ሰማችሁ ብለው አስጻፏቸው፣ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ቆይተው 44ቱን በድጋሚ ሲጠይቋቸው የብዙዎቹ መልስ ከመጀመሪያው ጋር አልገጠመም፣ ብዙዎቹ ግን በመልሳቸው በጣም እርግጠኛ ነበሩ። ቅድም ሬትኮን ያልነው ነገር ጭንቅላታችን ውስጥም አለ ማለት ነው፣ ዛሬ የሆንነውን ሰው ይዘን ወደኋላ እንሄድና ያለፈውን እዚህ እንዲያደርሰን አድርገን እናስተካክለዋለን። ይሄ ውሸት አይደለም፣ ሰው የሚያስታውሰው እንዲህ ስለሆነ ነው።

## አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል ወይ

ባሩክ ፊሽሆፍ በ1975 ያደረገው ሙከራ ለዚህ ጥያቄ በጣም ይረዳል። ሰዎች ስለማያውቁት የድሮ ጦርነት እንዲያነቡ ተደረገ፣ ከዛ ለአንዱ ቡድን እነ እገሌ አሸነፉ፣ ለሌላው ቡድን ተቃራኒው ተነገረ፣ ሁሉም ግን የተነገራቸውን ውጤት «ከመጀመሪያውም ሊሆን የሚችለው ይሄ ነበር» ወደሚል ሐሳብ አደሉ። ነገሩ ካለፈ በኋላ አይቀሬ የነበረ ይመስለናል። ያ ፍቅር ማለቁ፣ ያ ጓደኛ መክዳቱ፣ ያ ሥራ መፍረሱ ወደኋላ ስናየው ልክ እንደተጻፈ ነገር ነው፣ በሰዓቱ ግን ሌላም ሊሆን ይችል ነበር።

የሚጠቅም መሆኑስ? ማክአዳምስ ሰዎች ከሚተርኳቸው ታሪኮች ውስጥ በመጥፎ ጀምሮ በጥሩ የሚያልቀውን አይነት ለይቶ አጥንቷል፣ ሕይወታቸውን እንዲህ የሚተርኩ ሰዎች በአማካይ የተሻለ ደህንነት እንደሚሰማቸው የሚያሳይ ብዙ ሥራ አለ። ግን ራሱ በ2006 መጽሐፉ ላይ ይሄ የትረካ ቅርጽ በተለይ የአሜሪካኖች መውደጃ እንደሆነ ይናገራል፣ የሰው ልጅ ሁሉ ሕግ አላደረገውም። ሪቻርድ ቴደስኪና ሎውረንስ ካልሁን ደሞ በ1990ዎቹ ከከባድ ጉዳት በኋላ የሚመጣ እድገት የሚል ሐሳብ አመጡ፣ አንዳንድ ሰው ከመከራ በኋላ ሕይወትን በሌላ ዓይን ያያል፣ ከሰው ጋር ይበልጥ ይቀራረባል የሚል። እነሱ ራሳቸው የሚያሰምሩበት ነገር ግን እድገቱ የሚመጣው ከመከራው ሳይሆን ከመከራው ጋር ከሚደረገው ትግል ነው፣ ትግሉ ውስጥ ደሞ የሚሰማ፣ የሚደግፍ ሰው መኖሩ ትልቅ ቦታ አለው። ማለትም ሰው ጣልቃ መግባቱ። ተቺዎችም አሉ፣ ሰው አድጌያለሁ ማለቱ እና በእርግጥ ከበፊቱ መለወጡ ሲለካ ብዙ ጊዜ አይገናኙም ይላሉ፣ ይሄም ክርክር ገና አልተዘጋም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደሞ ታሪኩን የሚነግረን የተመለሰው ሰው ብቻ ነው። ወድቆ የተነሳው ይተርካል፣ ወድቆ የቀረው ግን ካነን ኢቨንቴ ነበር ብሎ የሚያወራበት ዕድል የለውም፣ ስለዚህ የምንሰማው ሁሉ መከራ አስተማሪ ነው የሚል ቢመስል አይገርምም።

## ሚሙን የሚደግፉ ሰዎች የሚሉት

ሚሙ ጥሩ ጎን አለው፣ ይሄን በሙሉ ልቤ ነው የምለው። ሰው ብቻውን የያዘው ኀፍረት፣ እኔ ብቻ ነኝ እንዲህ ሞኝ ያለው ነገር፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው «እኔም» ሲለው ይቀልለታል። ኀፍረትን ወደ ጋራ ታሪክ መቀየር ቀላል ነገር አይደለም፣ በተለይ ለ16 ዓመት ልጅ።

ሁለተኛው መከራከሪያ ይበልጥ ከባድ ነው። ምክር ሁሉ አይሠራም፣ አንዳንድ ነገር በራስ ካልደረሰ አይገባም፣ ልጁን ከሁሉም ስህተት የሚጠብቅ ወላጅ ደሞ ልጁን ራሱን እንዳይችል ያደርገዋል። የሰውን ምርጫ ማክበር የሚባል ነገር አለ፣ አንድ ጓደኛ የማልወደውን ሥራ ሊይዝ፣ የማልመርጠውን ከተማ ሊሄድ ይችላል፣ ሕይወቱ የሱ ነው። ጣልቃ አልገባም ማለት እዚህ ላይ ክብር ነው እንጂ ግዴለሽነት አይደለም። ይሄን መካድ አይቻልም፣ እኔም ልክ ናቸው እላለሁ፣ እስከዚህ ድረስ።

## ሁለት ጊዜ «ምከረው»

የማልስማማው ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። አማርኛ ለዚሁ ጉዳይ ከድሮ የያዘው አባባል አለ፣ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው»። ላይ ላዩን ሲያዩት ከሚሙ ጋር አንድ ይመስላል፣ ተወው በራሱ ይማር ነው። ግን አቀማመጡን እዩት፣ መከራው የሚመጣው ከሁለት ምክር እና ከአንድ እምቢታ በኋላ ነው። ሁለቱ «ምከረው» የተመልካቹ ድርሻ ናቸው፣ ያን ሳይወጣ ወደ መጨረሻው መዝለል አባባሉ አይፈቅድለትም። ሚሙ ያስቀረው እነዚህን ሁለት ቃላት ነው፣ ማንም ሳይመክር፣ ማንም እምቢ ሳይል በቀጥታ ወደ መከራው ይሄዳል።

«ለበጎ ነው» የሚለውም እንደዛው ነው። ሰው ስለራሱ ሲለው መጽናኛ ነው፣ ያለፈበትን ነገር ራሱ መዝኖ ቦታ ሰጥቶታል፣ ቀኖናውን ያወጣው ባለቤቱ ነው። ገና እየደማ ላለ ሰው ሌላው ሲለው ግን አፉን እንዲዘጋ እንደመንገር ይሆናል። ገና ላልደረሰበት ሰው ሲባል ደሞ ከዛም ይብሳል፣ ምክንያቱም ገና ያልተጻፈ መጽሐፍ ላይ ቀኖና ማውጣት ነው። አትናቴዎስ እንኳን የተጻፈውን ነው የዘረዘረው።

ይሄ የቃላት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል የሜልቪን ለርነርን ሙከራ ማንሳት ጥሩ ነው። በ1966 ለርነርና ካሮሊን ሲመንስ ያወጡት ጥናት ላይ ተማሪዎች አንዲት ሴት ስትሳሳት በኤሌክትሪክ ስትነዘር እንዲያዩ ተደረገ (በእርግጥ አልተነዘረችም፣ ትወና ነው፣ እነሱ ግን አላወቁም)። ማስቆም እንደሚችሉ የተነገራቸው አብዛኞቹ ማስቆምን መረጡ። ምንም ማድረግ የማይችሉት፣ ስቃዩ እንደሚቀጥል እያወቁ ቁጭ ብለው ያዩት ግን ቀስ በቀስ ልጅቷን ራሷን ዝቅ አድርገው መመዘን ጀመሩ፣ የሚገባት ይመስል። ለርነር ያብራራው ዓለም ፍትሐዊ ናት ብለን ማመን ስለምንፈልግ ነው በሚል ነው፣ መርዳት ካልቻልን ስቃዩ ትርጉም እንዲኖረው እናደርጋለን። አሁን «ጣልቃ መግባት አልችልም» የምትለዋን ሐረግ በዚህ በኩል እዩአት። በአብዛኛው እኮ እንችላለን፣ አንድ መልእክት መጻፍ፣ አንድ ጊዜ መደወል እንችላለን፣ ሐረጓ ግን እንደማንችል አድርጋ ታስቀምጠናለች፣ ከዛ የሌላውን ሰው ስቃይ ትምህርት ብሎ መጥራት ይቀለናል።

ፀጉር ሲበላሽ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም፣ ፀጉር ያድጋል። ግን ቃሉ ፀጉርንና ክብሪት የያዘን ሰው አይለይም፣ የሚመታትን ሰው ይዛ «ይወደኛል» ለምትል ልጅም ያው ቃል ነው የሚሰጣት፣ በቁማር ሱስ እየገባ ላለ ልጅም ያው ነው። የሚለየው ተናጋሪው ነው፣ ለመለየት ደሞ ቀላል ጥያቄ አለ፣ ነገሩ የሚመለስ ነው ወይስ የማይመለስ፣ ሰውየውስ አደጋውን እያወቀ መርጦታል ወይስ ማንም አልነገረውም።

## ከዚህ በኋላ

ቃሉ እንደ ሌሎቹ ሚሞች እየሳሳ መሄዱ አይቀርም፣ ትንሹም ትልቁም ካነን ኢቨንት ከተባለ መጨረሻ ላይ «አጋጠመኝ» ከማለት የተለየ ትርጉም አይኖረውም። ልማዱ ግን ስም ቀይሮ ይቆያል፣ ከሚሙ በፊትም ነበርና። ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ላይ ያለው ጫና ደሞ ሌላ ነው፣ ተመልካቹ አሁን የትኛው ሞት «ግዴታ» እንደሆነ ቀድሞ ያውቃል፣ ደራሲው ወይ ይደግመዋል ወይ ያፈርሰዋል፣ ሁለቱም ቀላል አይደሉም።

ፊልሙ ራሱ ጥያቄውን ሳይፈታ ነው ያቆመው። ማይልስ ወደ ቤቱ ሲሮጥ በስህተት ሸረሪቷ ወደመጣችበት ዓለም ይገባል፣ እዛ ስፓይደር ማን የሚባል የለም፣ አባቱ ሞቷል፣ በሱ ፊት የቆመው ሌላው ማይልስ ደሞ በዛው ዓለም ያለ አባት የቀረ ነው። በሌላ በኩል ግዌን ሕጉን ትታ ጓደኞቿን አንድ በአንድ ሰብስባ እሱን ፍለጋ ትወጣለች።